የጃንጎ ሞክሼዎች፦ ክብር መስጠት ወይስ ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ሁለት?

(በፊልም ክበባችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)




ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች በዚሁ አዳራሽ ሁለት ፊልሞች ማሳየታችን ይታወሳል። የመጀመሪያው ሰርጂዮ ኮርቡቺ የተባለው የኢጣሊያ ፊልም አዘጋጅ በ1966 የሠራው «ጃንጎ» ሲሆን፣ ሁለተኛው አሜሪካዊው ክዌንቲን ታራንቲኖ በ2012 ያወጣው «ጃንጎ አንቼይንድ» ነው፤ ትርጓሜውም «ከሰንሰለት የተፈታው ጃንጎ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው የፊልሞቹ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሁለተኛው ፊልም እንዳለቀ፣ መብራቱ እንኳ ገና ሳይበራ፣ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን «ይህ ፊልም ታናሽ ለታላቁ የሰጠው ክብር ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የለም፤ ስሙን ወስዶ፣ ዘፈኑን ወስዶ፣ ተዋናዩንም ሳይቀር ጠርቶ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ክፍል ሁለት ነኝ ሳይል የመጣ ክፍል ሁለት ነው» ሲል መለሰ። የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፉን እያንቃጨለ አስወጣን፤ ክርክሩ ግን በምግብ አዳራሹ ቀጠለ። በማግሥቱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሰርዞት አገኘን። ከአባሎቻችንም መካከል ተኮራርፈው ጎን ለጎን መቀመጥ የተዉ አሉ።

ይህ ጥያቄ በእኛ የተጀመረ አይደለም። ፊልሙ በወጣ ጊዜ በብዙ አገር ያሉ የፊልም ወዳጆች ተከራክረውበታል። ይሁን እንጂ ክበባችን በዚህ ምክንያት ለሁለት እንዳይከፈል፣ ኮሚቴው ነገሩን መርምሮ የደረሰበትን እንዲያቀርብ ታዘዘ። ዛሬ የምናነበውም ይህንኑ ነው።

ፊልሞቹን ላላዩት ታሪካቸውን በአጭሩ እንናገር። በ1966ቱ ፊልም፣ ፍራንኮ ኔሮ የሚጫወተው ጃንጎ የሬሳ ሣጥን በጭቃ ላይ እየጎተተ ወደ አንዲት ከተማ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሬሳ አይደለም፤ መትረየስ ነው። ዘመኑ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ ነው። ከተማይቱን ሁለት ወገኖች ያስጨንቋታል፤ አንደኛው በቀይ ጨርቅ ፊታቸውን የሚሸፍኑ ዘረኞች ሲሆኑ፣ ሌላው የሜክሲኮ ዐመፀኞች ናቸው። በፍጻሜው የጃንጎ ሁለት እጆች ይደቅቃሉ። እርሱም በመቃብር ስፍራ፣ በሟች ወዳጁ መስቀል ላይ ሽጉጡን ደግፎ፣ በደቀቁት እጆቹ ይተኩሳል፤ ጠላቶቹንም ይጥላል፤ ከዚያም እየተንገዳገደ ይሄዳል። ወዴት እንደ ሄደ፣ እጆቹም ድነው እንደ ሆነ ፊልሙ አይነግረንም።

የ2012ቱ ፊልም የሚጀምረው በ1858 ነው፤ ይህም ከዚያው ጦርነት በፊት መሆኑ ነው። ጄሚ ፎክስ የሚጫወተው ጃንጎ በሰንሰለት ታስሮ የሚነዳ ባሪያ ነው። ቀድሞ የጥርስ ሐኪም የነበረ፣ አሁን ግን ወንጀለኞችን እያደነ ሽልማት የሚቀበል አንድ ጀርመናዊ ነጻ ያወጣዋል። ሁለቱም አብረው የጃንጎን ሚስት ፍለጋ ወደ ሚሲሲፒ፣ ወደ አንድ ጨካኝ የእርሻ ጌታ ቤት ይሄዳሉ።

እንግዲህ ሁለተኛው ወገን ያቀረበውን ማስረጃ በቅንነት እንቁጠር። ፊልሙ የሚከፈተው ሉዊስ ባካሎቭ ለ1966ቱ ፊልም በደረሰው በዚያው ዘፈን ነው። የባለታሪኩ ስም ያው ነው። ፍራንኮ ኔሮም ራሱ በመጠጥ ቤት ውስጥ ብቅ ይልና ወጣቱን ጃንጎ ስሙን ይጠይቀዋል፤ የስሙንም የፊደል አጻጻፍ ከነገረው በኋላ ያን እንደሚያውቅ መልሶለት ይሄዳል። በዚያ ቅጽበት አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ መሞላቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። «ይህ ሁሉ የአባትን ቤት ቁልፍ ይዞ መግባት ካልሆነ ምንድን ነው?» ይላሉ ወዳጆቻችን።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ማስረጃ አላቸው፤ ይኸውም የጃንጎ ስም ያሳለፈው ታሪክ ነው። የ1966ቱ ፊልም በአውሮፓ ብዙ ተመልካች ስላገኘ፣ ነጋዴዎች ስሙን በየፊልሙ ላይ ይለጥፉት ጀመር። የፊልም ጸሐፊዎች እነዚህን ሞክሼዎች ከሠላሳ በላይ ያደርሷቸዋል። በ1967 ጁሊዮ ኩዌስቲ የሠራው ፊልም በኢጣሊያንኛ ርእሱ ውስጥ ጃንጎ የሚል ስም የለውም፤ በታሪኩም ውስጥ ጃንጎ የሚባል ሰው የለም። ይሁን እንጂ ወደ ሌላ አገር ሲላክ «ጃንጎ» የሚል ርእስ ተሰጠው። በጀርመን አገርም የብዙ ፊልሞች ርእስ በዚሁ ዐይነት ተለወጠ። በእኛ አገር ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለእነዚህ ፊልሞች ግን ስም ያወጣላቸው ነጋዴ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛው ወገን እንዲህ ሲል ይከራከራል፤ «በዚህ ቤት ዘመንና የሰው ማንነት ተጠብቆ አያውቅም። ጃንጎ የሚል ስም የያዘ ሁሉ ከሞክሼዎቹ አንዱ ነው። ታራንቲኖም በረድፉ መጨረሻ ላይ የቆመ፣ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የያዘ ሞክሼ ነው።» ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኛንም ሁለት ቀን አሳስቦናል።

አንደኛው ወገን ደግሞ ፊልሙ በ2013 ያገኘውን የኦስካር ሽልማት ይጠቅሳል። ሽልማቱ የተሰጠው በመጀመሪያ ድርሰትነት እንጂ ከሌላ ሥራ ተወስዶ በተዘጋጀ ድርሰትነት አይደለም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሽልማት ኮሚቴ ፍርድ የእኛን ራስ ከማሰብ ሊያሳርፈው አይገባም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ትተን ወደ ሥሩ እንውረድ።

መዋስ በፊልም ዓለም የቆየ ነገር ነው፤ ጃንጎም ራሱ የተዋሰ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1961 «ዮጂምቦ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ጌታ የሌለው አንድ ሳሙራይ ሁለት ወንበዴ ወገኖች ወደሚፋጁባት ከተማ ይገባና እርስ በርሳቸው ያጫርሳቸዋል። በ1964 ሰርጂዮ ሌዮኔ ይህንኑ ታሪክ ወስዶ ሳሙራዩን ፈረሰኛ፣ ሰይፉን ሽጉጥ አድርጎ «ለእፍኝ ዶላር» የሚለውን ፊልም አወጣ። ፈቃድ አልጠየቀም ነበርና ቶሆ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሰሰ። ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ ጃፓናውያኑ ከፊልሙ ገቢ ከመቶ 15 እጅና በአገራቸው ፊልሙን የማከፋፈል መብት አገኙ። ፊልሙም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው በ1967 ነው። ኮርቡቺም በሁለት ወገኖች መካከል የሚገባ ብቸኛ ተኳሽ ይዞ የመጣው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ከዚህም በፊት የሆነ ሌላ ምሳሌ አለ። በ1922 ፍሪድሪሕ ሙርናው የተባለው ጀርመናዊ «ኖስፌራቱ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመውን «ድራኩላ» የተባለ መጽሐፍ ታሪክ ወስዶ የሰዎቹን ስም ለወጠ። በፊልሙ መግቢያ ላይ ታሪኩ ከስቶከር መጽሐፍ የተወሰደ መሆኑ ተጽፏል፤ ነገር ግን ከደራሲው መበለት ፈቃድ አልተጠየቀም። መበለቲቱ ከሰሰች፤ የፊልሙም ቅጂዎች እንዲጠፉ ተፈረደ። ጥቂት ቅጂዎች ተርፈው ባይገኙ ኖሮ፣ ዛሬ ከታላላቆቹ አንዱ የሚባለውን ፊልም ማንም ባላየው ነበር።

እነዚህን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታያል። ሙርናውና ሌዮኔ ታሪኩን ወስደው ስሙን ተዉት። የጃንጎ ነጋዴዎች ግን ስሙን ወስደው ታሪኩን ተዉት። ስለዚህ «ይመሳሰላል፤ አይመሳሰልም» ብሎ መከራከር ወደ የትም አያደርስም። ልጅ አባቱን ሳይመስል ልጅ ሊሆን ይችላል፤ መንገደኛም ቁርጥ እርሱን ሊመስል ይችላል። መመርመር ያለበት ሌላ ነገር ነው።

በእኛ አሳብ ክፍል ሁለትን ክፍል ሁለት የሚያደርገው ስሙም ዘፈኑም አይደለም። ክፍል ሁለት ማለት በቀዳሚው ታሪክ ሰዎች ላይ መፍረድ ማለት ነው። «ያ ሰው ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ፤ ያቺ ሴት እንዲህ ሞተች» ብሎ መወሰን ነው። ክብር የሚሰጥ ሰው ግን ይበደራል እንጂ አይፈርድም። ቃና ይበደራል፤ ስም ይበደራል፤ አቋቋም ይበደራል። የቀዳሚውን ሰዎች ግን ደራሲያቸው በተዋቸው ስፍራ ይተዋቸዋል።

በዚህ ሚዛን እንመዝን። ከ1966ቱ ፊልም መጨረሻ የተረፈው ጥያቄ የጃንጎ እጆች ጥያቄ ነው። በ1987 ኔሎ ሮሳቲ ያዘጋጀው፣ ፍራንኮ ኔሮም ተመልሶ የተጫወተበት ፊልም ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ጃንጎ ጠመንጃውን ጥሎ በገዳም መነኵሴ ሆኗል፤ ኋላም ልጁ ስለ ተወሰደችበት ከገዳሙ ይወጣል። መልሱን ብንወደውም ብንጠላውም ይህ ክፍል ሁለት ነው፤ በያ ሰው ላይ ፈርዷልና። የታራንቲኖ ፊልም ግን እጆቹን አልነካቸውም። ዘመኑ ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ባለታሪኩ ሌላ ሰው ነው፤ ሚስቱ ሌላ ናት፤ ቁስሉም ሌላ ነው። የኮርቡቺ ጃንጎ ከመቃብሩ ስፍራ እየተንገዳገደ በሄደበት አሁንም እየሄደ ነው።

«ታዲያ ፍራንኮ ኔሮ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ያ ያረጀው ጃንጎ አይደለምን?» ብለው የጠየቁን አሉ። ሊሆን አይችልም። የዘመኑን ነገር እንኳ ብንተወው፣ ኔሮ በዚያ ፊልም የሚጫወተው ባሪያዎችን እርስ በርስ እያዋጋ የሚጫረት ጌታ ሆኖ ነው። ቀይ ጨርቅ የለበሱትን ዘረኞች የተዋጋው ጃንጎ አርጅቶ የባሪያ ጌታ ሆነ የሚል ሰው ካለ፣ እርሱ ለፊልሙ ክብር ሳይሆን ስድብ ሰጠው ማለት ነው። ኔሮ የመጣው ስሙን ለአዲሱ ባለስም ሊያስረክብ ነው። ተመልካቹም የሳቀው ያንን ርክክብ ስለ ተረዳ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። የተበደረ ሰው ዕዳውን ይናገራል። የሞክሼዎቹ ነጋዴዎች የጃንጎን ስም የጻፉት ተመልካቹ ተሳስቶ እንዲገባ ነበር። ታራንቲኖ ግን ዘፈኑን በመክፈቻው ላይ ያሰማል፤ የቀድሞውን ተዋናይ ፊት ለፊት ያቆማል። ይህን ያየ ሰው የኮርቡቺን ፊልም ፈልጎ ያያል። እኛም ራሳችን የ1966ቱን ፊልም ያወቅነው የ2012ቱን ካየን በኋላ ነው። ታላቁን ያስረሳ ሥራ አለ፤ ታላቁን ያስፈለገም ሥራ አለ። ይህኛው ከኋለኛው ወገን ነው።

ሦስተኛም የራሱ ጉዳይ አለው። የኮርቡቺ ፊልም ዘረኞቹን ከውጭ የሚዋጋ መንገደኛ አሳየን። የታራንቲኖው ሰንሰለቱን በእግሩ ያሰረውን ሰው ራሱን ተኳሽ አደረገው። በቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ ዘረፈ ሲባል ከሰው ሰረቀ ማለት አይደለም። የመምህሩን ስልት ይዞ ይነሣል፤ የመምህሩን ቅኔ እንዳለ ቢደግም ግን ያፍርበታል። ክብር መስጠትም እንዲሁ ነው። ይዞ የሚነሣው የሌላው፣ የሚደርስበት ግን የራሱ መሆን አለበት።

ስለዚህ የኮሚቴው አሳብ ይህ ነው። «ጃንጎ አንቼይንድ» ለቀዳሚው የተሰጠ ክብር ነው እንጂ ክፍል ሁለት አይደለም። ሆኖም ለሁለተኛው ወገን አንድ እውነት ልንሰጠው ይገባል። እነዚያ ርካሽ ሞክሼዎች ስሙን በየሲኒማ ቤቱ ባያመላልሱት ኖሮ፣ ምናልባት በ2012 ስሙን የሚያነሣው አይገኝም ነበር። ጃፓናዊው ታካሺ ሚኬም በ2007 «ሱኪያኪ ዌስተርን ጃንጎ» በሚለው ፊልሙ ታሪኩን ወደ ጃፓን መልሶ ወስዶታል፤ ታራንቲኖም በዚያ ፊልም ውስጥ ተጫውቷል። ከጃፓን የወጣው ብድር በኢጣሊያ አድርጎ ወደ ጃፓን ገባ። ብድር በምድር ይሏል ይህ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ንግግራችን እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ረቂቁን ለማንበብ በተሰበሰብንበት ማታ ከአባሎቻችን አንዷ «ይህን ሚዛን በሰው ላይ ከማንሣታችን በፊት እኛ ራሳችን ወጥተንበታል?» ብላ ጠየቀች። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን፤ ስለ ምን እንደምትናገር ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

ባለፈው ዓመት ክበባችን አንድ አጭር ቴያትር ማሳየቱን ታውቃላችሁ። ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ ተማሪ፣ ስለ አንዲት ጠላ ሻጭ ሴት የጻፈው ቴያትር ነበረ። በፍጻሜው ሴትዮዋ ጓዟን ጠቅልላ በሌሊት ከሰፈሩ ትወጣለች። ትመለስ እንደ ሆነ አይታወቅም። እኛ ያንን ወደድነው፤ ወደድነውም ብለን ክፍል ሁለት ጻፍንለት። ስሟን ያዝን፣ ሰፈሯን ያዝን፣ በመጀመሪያው ትዕይንት ላይም በመንገድ ገደልናት። ጸሐፊውን አልጠየቅነውም። ስሙንም በበተንነው ወረቀት ላይ አላተምነውም። በጊዜው ማንም ቢጠይቀን «ክብር ሰጠነው» እንል ነበር።

ጸሐፊው መጥቶ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቴያትሩ ሲያልቅ ወደ እኛ መጣ፤ አልተቆጣም። «ያን መጨረሻ ክፍት የተውሁት ረስቼው አልነበረም» አለን። ቀጥሎም ወረቀቱን አገላብጦ «ስሜንም ፈልጌ አጣሁት» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በስብሰባችን ላይ አላየነውም። እኛም ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ አላገኘንም፤ ስለ ታራንቲኖ ጥፋት ለመከራከር ግን ሁለት ሳምንት አላነሰንም።

እንግዲህ በራሳችን ሚዛን ብንመዘን፣ የእኛ ሥራ ክብር መስጠት አልነበረም። በሌላ ሰው ባለታሪክ ላይ ፈርደናል፤ ዕዳችንንም አልተናገርንም። መውደዳችን እውነት ነበር፤ ነገር ግን መውደድ ፈቃድ አይሆንም። ሙርናው የስቶከርን ስም በፊልሙ ላይ ጽፎ እንኳ ከክስ አልዳነም፤ እኛ ግን ስሙን እንኳ አልጻፍንም። የአገራችን ሕግም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ ያለውን መብት ያውቅለታል። እኛ ግን ነገሩን ለሕግ ሳናደርስ በጓደኝነት ልንጨርሰው እንፈልጋለን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት አሳቦች እናቀርባለን።

1ኛ/ ከእንግዲህ ክበባችን ከሌላ ሰው ሥራ ተነሥቶ ለሚያዘጋጀው ቴያትር ወይም ፊልም ሁሉ፣ የቀዳሚው ደራሲ ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከእኛ ስም በላይ እንዲጻፍ።

2ኛ/ የሌላ ሰው ባለታሪኮችን ይዘን ዕጣቸውን የምንወስን ከሆነ፣ ደራሲው በሕይወት ካለ በደብዳቤ እንዲጠየቅ፤ «አይሆንም» ቢል ያለ ክርክር እንዲተው።

3ኛ/ ለጠላ ሻጯ ሴት ደራሲ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲላክ፤ እርሱም ከፈቀደ የእርሱ ቴያትር እንደ ጻፈው፣ መጨረሻው ክፍት እንደ ሆነ፣ በዚህ አዳራሽ በድጋሚ እንዲታይ። የደብዳቤው ረቂቅ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የኮሚቴው አባሎች ሁላችን ፈርመንበታል።

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስትሰራረዙ ለከረማችሁ ጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለን። ሁለታችሁም ስለ አንድ ነገር ነበር የምትከራከሩት። አንዳችሁ ቀዳሚው እንዳይሰረቅ ፈራችሁ፤ ሌላችሁ ተከታዩ መውደዱን እንዳይከለከል ፈራችሁ። ሁለቱም መፈራት የሚገባቸው ናቸውና፣ በሚመጣው ቅዳሜ «ዮጂምቦ» ሲታይ ጎን ለጎን እንድትቀመጡ እንለምናለን።